ከ«ስንተኛ ወጣህ?» በፊት፦ ወላጆቻችን፣ እኛና የታናናሾቻችን ትምህርት

 

በቅርቡ በመግሪብና በዒሻ መካከል በምናደርገው የተርቢያ ፕሮግራም ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፦ «እዚህ ግቢ እንድትደርሱ ወላጆቻችሁ ምን አደረጉላችሁ?» መጀመሪያ ዝም አልን። ከዚያ «ከፈሉልኝ»፣ «ደብተር ገዙልኝ»፣ «ዱዓ አደረጉልኝ» የሚሉ መልሶች መጡ። ቆይቶ አንድ ከገጠር የመጣ ወንድማችን ስለ እናቱ ነገረን። ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ማታ ማታ ግን ደብተሩን አስከፍተው ቀዩን እስክሪብቶ በጣታቸው እየተከተሉ ይፈልጋሉ። ራይቷንና ኤክሷን ለይተው ያውቃሉ። ኤክስ ሲያገኙ «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» ይሉታል። እሱም ለማስረዳት ሲል ጥያቄውን እንደገና አንብቦ የት ጋ እንደተሳሳተ መፈለግ ነበረበት። «እናቴ ሒሳብ አታውቅም፤ ሒሳብ ያስጠናችኝ ግን እሷ ናት» አለን።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ያ ምሽት ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ነው። ከፋይናል በኋላ አብዛኞቻችን ወደየቤታችን እንመለሳለን። ቤት ውስጥ ታናናሽ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ አንዱ አራተኛ ክፍል ነው፣ አንዷ ለሚኒስትሪ ትዘጋጃለች፣ ሌላው ማትሪክ ተፈታኝ ነው። የእነሱ ትምህርት የወላጆቻችን ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። ለማለት የፈለግነው ይህ ነው፦ ወላጅ ልጁን በትምህርት የሚጠቅመው ራሱ በተማረው ልክ አይደለም። በሚጠይቀው፣ ከልጁ ተስፋ በሚያደርገውና በሚሰጠው ጊዜ ልክ ነው። ያን ደግሞ ያልተማረ ወላጅም ይችለዋል፤ የትምህርት ቤቱን ውስጥ የሚያስረዳው ሰው ካገኘ። ያ ሰው በብዙዎቻችን ቤት ከእኛ ሌላ የለም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ከመካከላችን እነዚያን ፈተናዎች የተፈተንን አለን፤ ከክፍል ጓደኞቻችን ስንቶቹ እንደቀሩ እናውቃለን። ለዚህ ውጤት ወላጅን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው። የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህራን ሁኔታ፣ ጦርነት፣ በኮሮና ጊዜ የተዘጉት ወራት፣ ድህነት፤ ሁሉም አለበት። እነዚህን በአንድ እረፍት ልንቀይራቸው አንችልም። ቤት ውስጥ ያለውን ግን መንካት እንችላለን።

ጥናቶች ምን አገኙ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተጽፏል። ፋንና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ሃያ አምስት ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መርምረው ነበር። ከልጆች ውጤት ጋር በጣም ተያይዞ የተገኘው ወላጅ ስለ ልጁ ያለው ተስፋ ነው፤ ማለትም «ይህ ልጅ እስከዚህ ይደርሳል» ብሎ ማመኑና ልጁም ያን እምነት ማወቁ። ደካማ ግንኙነት የታየበት ደግሞ የቤት ውስጥ ቁጥጥር ነበር። ይህ ብዙ ወላጅ ከሚያስበው የተገለበጠ ነው። እኛ ቤት «ወላጅ ልጁን ይከታተላል» ሲባል «ሲያጠና ያየዋል፣ ካላጠና ይገርፈዋል» ማለት አይደል?

ሂልና ታይሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ከፍ ባሉ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው አዩ። የወላጅን ተሳትፎ በዓይነት ከፋፈሉት፦ ትምህርት ቤት መሄድ፣ የቤት ሥራ ማገዝ፣ እንዲሁም ከልጁ ጋር ስለ ትምህርት ጥቅም መነጋገርና የዛሬውን ትምህርት ከነገ ሕይወቱ ጋር ማያያዝ። ከሁሉ የበለጠ ከጥሩ ውጤት ጋር የተገናኘው ይህ የመጨረሻው ነው። የቤት ሥራ ማገዝ ግን በጥሩ ጎኑ አልታየም። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። ወላጅ የቤት ሥራ ላይ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሲደክም ነው፤ ስለዚህ ድካሙን ያመጣው እገዛው ነው ማለት አንችልም። ቢሆንም የሒሳብ ጥያቄ መሥራት የማይችል ወላጅ ትልቁን ነገር እንዳላጣ ለማየት ይህ በቂ ነው። ስለ ትምህርት ማውራት ዲግሪ አይጠይቅም።

ሳይኮሎጂ የወሰዳችሁ የዳያና ባውምሪንድን ስም ታውቁታላችሁ። በ1960ዎቹ የወላጆችን አያያዝ በሦስት ከፈለችው፦ ትእዛዝ ብቻ የሆነ፣ ልቅ የሆነ፣ እንዲሁም ፍቅርም ሥርዓትም ያለው፣ ምክንያቱን ለልጁ የሚያስረዳ። በ1983 ማኮቢና ማርቲን «ግድ የለሽ» የሚባለውን አራተኛ ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1987 በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ ብዙ ሺህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሦስተኛው ዓይነት አያያዝ ከተሻለ ውጤት ጋር እንደሚሄድ አሳየ፤ ነገር ግን በሁሉም ብሔረሰቦች ዘንድ እኩል አልነበረም። አሜሪካ ላይ የተገኘውን እንዳለ ገልብጠን ደሴ ወይም አጋሮ ላይ እንለጥፍ አንልም። የራሳችን የሆነውን ስናይ ግን ከዚህ ብዙ እንደማይርቅ እናገኛለን።

ሉቅማን፣ ያዕቆብና የሱፍያን እናት

ሱረቱ ሉቅማንን ሁላችንም ቀርተናታል። ሉቅማን ልጁን ሲመክር አላህን በብቸኝነት ከመገዛት ይጀምራል፣ ወደ ሶላት ይሄዳል፣ ወደ ትዕግሥት፣ ወደ አረማመድና ድምፅን ዝቅ እስከማድረግ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ደግሞ በቁልምጫ ይጠራዋል። ኃላፊነት የበዛበት ምክር ነው፤ የተነገረው ግን በፍቅር ቃል ነው። ሥርዓትና ፍቅር በአንድ አፍ።

የነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ታሪክ ይበልጥ ለጉዳያችን ይቀርባል። ትንሹ ዩሱፍ ያየውን ሕልም ይዞ ወደ አባቱ መጣ። አባት «ሂድና ተጫወት» አላለውም። አዳመጠው፣ ስለ ወንድሞቹ አስጠነቀቀው፣ ከዚያም አላህ እንደሚመርጠውና እንደሚያስተምረው ነገረው። ተመራማሪዎቹ «የወላጅ ተስፋ» የሚሉትን እዚህ እናየዋለን፤ አንድ ልጅ ገና ምንም ሳይሆን ምን ሊሆን እንደሚችል ከአባቱ አፍ ሰማ። ነቢዩ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ) ያን ከባድ ትእዛዝ ሲቀበሉ ልጃቸውን አስተያየቱን ጠይቀውታል። በእኛ ቤት ልጅ ስለ ፊልድ ምርጫው እንኳ ስንቴ ይጠየቃል?

አል-አቅረዕ ኢብኑ ሓቢስ የተባለው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን ሲስሙ አይቶ፣ ዐሥር ልጆች እያሉት አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ መናገሩና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የማያዝን እንደማይታዘንለት መመለሳቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሶላት ጉዳይ ልጅ በሰባት ዓመቱ እንዲታዘዝ፣ በዐሥር ዓመቱ እንዲጠበቅበት የሚለውን ሐዲስ ብዙ ወላጆች ዱላን ለማጽደቅ ይጠቅሱታል። በሰባትና በዐሥር መካከል ያሉትን ሦስት የማስታወስና የትዕግሥት ዓመታት ግን የሚያነሣቸው የለም። ነገሩ ለሶላት የተነገረ እንጂ ለፊዚክስ ውጤት አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ መንገድ ከሚደረግ ትግል ውጭ በእጃቸው ማንንም መተው እንደማያውቁ መስክረዋል።

የትላልቆቹን ዑለማኦች ሕይወት ስናነብ ደግሞ ከኋላቸው እናቶች አሉ። ኢማሙ ሻፊዒ በ150 ዓመተ ሂጅራ ጋዛ ተወለዱ፤ አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ወደ መካ ወሰዷቸው። ለመምህሩ የሚከፈል ገንዘብ አልነበራቸውም፤ መምህሩ በሌለበት ሕፃኑ ሌሎቹን ልጆች ያስተምር ስለነበር በዚያ ተካካሰ። የኢማሙ ማሊክ እናት ልጃቸውን አልብሰውና ጥምጣም አስረውለት ወደ ረቢዓ ሲልኩት ከዕውቀቱ በፊት አደቡን እንዲማር ማዘዛቸው ይተረካል። የሱፍያን አስ-ሠውሪ እናት ደግሞ ልጃቸው ዕውቀት እንዲፈልግ፣ እሳቸው በእንዝርታቸው እንደሚያስተዳድሩት ነግረውታል ይባላል። ከእነዚህ እናቶች አንዳቸውም ትምህርቱን ለልጃቸው አላብራሩም። መንገዱን ከፈቱ፣ ላኩ፣ ሲመለስ ጠየቁ። የወሎ ደረሳም ዳና፣ ገታ ወይም ጀማ ንጉሥ ድረስ ስንቁን ይዞ ሲወጣ ከኋላው እንዲህ ያለ ቤት ነበረው፤ የሚያርፍበት አገርም ቁርሱን ያበላው ነበር።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። የነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ) ልጅ አባቱን አልሰማም። ቀጥተኛውን መንገድ የሚሰጠው አላህ ነው። ያልተሳካለትን ልጅ አይቶ «ወላጁ ባይረባ ነው» ማለት ከአደብም ከዕውቀትም የራቀ ነው።

«ወላጅ አምጣ»

ትምህርት ቤት ወላጅን የሚጠራው መቼ ነው? ልጁ ሲጣላ፣ ሲያረፍድ፣ መስኮት ሲሰብር። «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል ለሁላችንም የቅጣት ስም ነው። ስለዚህ ጎረቤትን «አጎቴ ነው» ብሎ መውሰድ የተለመደ ዘዴ ሆነ፤ ከመንገድ ዳር ሻይ ተጋብዞ አጎት የሆነ ሰው የምናውቅ አለን (ሳቃችሁ ከሆነ እናንተም አድርጋችኋል)። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ። በብዙ ቦታ ግን ወላጅ የሚያውቀው መዋጮ ሲጠየቅ ነው።

አንዲት እህታችን የነገረችን አይረሳንም። አባቷ ውጤቷ ለምን እንደወረደ ለመጠየቅ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ሄዱ። በር ላይ «ዛሬ የወላጅ ቀን አይደለም» ተብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱን ረግጠውት አያውቁም። ልጃቸውን ስላልወደዱ አይደለም። አንዴ ያፈረ ሰው ሁለተኛ አይሄድም። እንዲህ ያለውን ወላጅ «ለትምህርት ግድ የለውም» ብሎ መምህሩ ይመዘግበዋል፤ ወላጁም «እኔን የሚሰማኝ የለም» ብሎ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል የቆመው ልጅ ነው።

ወላጅ ማንም ሳይጠራው አንድ ቀን ሄዶ የክፍል ኃላፊውን «የእገሌ አባት ነኝ፤ ልጄ እንዴት ነው?» ቢለው የሚሠራው ሥራ ከፍተኛ ነው። ሰባና ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ያን ልጅ በስሙ ማወቅ ይጀምራል። ልጁም እንደሚጠየቅለት ያውቃል።

ሁለቱ የቤት ሥራዎች

በአማርኛ «የቤት ሥራ» ሁለት ነገር ነው። ወንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንዱ ይጠብቀዋል። ሴቷን ሁለቱም ይጠብቋታል። ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሕፃን አዝላ፣ ዕቃ አጥባ፣ ደብተሯን የምትከፍተው ሌላው ሲተኛ ነው። ከዚያ በቁርኣን ቤትም በትምህርት ቤትም «ትተኛለች» ትባላለች። ካርድ ሲመጣ ደግሞ «ወንድምሽን አታዪም?» ትባላለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። እኛ ወንዶቹ ለእረፍት ስንሄድ የምንሠራው ምንድን ነው? ተኝተን እናረፍዳለን፤ ቡናውን እሷ ታፈላለች። ለእህታችን ትምህርት የምናደርገው የመጀመሪያው እገዛ ቱቶር መሆን ላይሆን ይችላል። ጀሪካኑን መቀበል ነው።

የቁርኣን ቤቱን ሰዓትም ማየት አለብን። ብዙ ልጆች ከአስኳላ ወጥተው በቀጥታ ወደ መድረሳ ይሄዳሉ። ሁለቱም ይገባል፤ ወላጅ ግን የሁለቱን ሰዓት አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ኡስታዙ መምህሩን አያውቁም፣ መምህሩም ኡስታዙን አያውቅም። ፈተና በሚደርስበት ሳምንት ለኡስታዙ መንገር ቀላል ነገር ነው፤ አብዛኞቹ እንደሚረዱ ከራሳችን እናውቃለን።

ከባሕር ማዶ የምትደውል እናት

ከመካከላችን እናቱ ሪያድ፣ ኩዌት፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት እየሠራች ያስተማረችው አለ። ይህን በአደባባይ ብዙም አናወራውም። ልጁ ከአያቱ ጋር ያድጋል፤ ገንዘቡ ይመጣል፤ የግል ትምህርት ቤት ይከፈላል። በኢሞ ሲደወል የሚጠየቀው «ብሩ ደረሰ?» ነው፤ የሚመለሰውም «ደርሷል፤ ግን ጫማ ያስፈልገኛል» ነው። እናት ሌሊት ስድስት ሰዓት ሥራ ጨርሳ የምትደውለው ይህን ለመስማት አልነበረም።

እንዲህ ያደገ አንድ ወንድማችን እናቱ የለመደችውን ነገረን። በየጁምዓው ድምፅ ትልክለታለች፤ በዚያ ሳምንት የተማረውን አንድ ነገር በድምፅ መልሶ እንዲልክላት ትጠይቀዋለች። መጀመሪያ ያፍር ነበር። ቆይቶ ስለ ፎቶሲንተሲስ ሦስት ደቂቃ ያወራላት ጀመር። «ምን እንደገባት አላውቅም፤ ግን ማሻአላህ ስትለኝ ለመስማት ስል አጠናው ነበር» ይላል። በርቀት ያለ ወላጅ ገንዘብ ላኪ ብቻ መሆን የለበትም። ይህን ለአክስቶቻችንና ለታላላቅ እህቶቻችን መንገር የምንችለው እኛ ነን፤ የመምህሩን ስልክ ቁጥር ልናደርስላቸውም እንችላለን።

በዚህ እረፍት

ቤት ስንደርስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንረፍ። ከዚያ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ሆነን የታናሻችንን ደብተር እንክፈት። እኛ ብቻችንን አይደለም፤ እነሱ ባሉበት። ቀይ እስክሪብቶው ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀኑ የት እንደሚጻፍ፣ ገጾቹ ባዶ ከሆኑ ምን እንደሚያሳይ እናስረዳቸው። እኛ ተመልሰን ወደ ግቢ እንመጣለን፤ እነሱ ግን እዚያው ናቸው። የቤት ሥራውን ሠርተንለት ብንመጣ ለሁለት ሳምንት ነው የጠቀምነው።

ከዒሻ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ የእኛም ስልክ ተቀምጦ ቤቱ ጸጥ እንዲል ከቤተሰቡ ጋር እንስማማ። የእኛ ስልክ ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ቲክቶክ እያየን «አጥና» ማለት አይሠራም። ከቻልን አባታችንን ይዘን ትምህርት ቤቱ ድረስ እንሂድ። በር ላይ ያለውን ዘበኛም፣ ርእሰ መምህሩንም ማነጋገር ለእኛ አይከብደንም፤ ለእሳቸው ግን የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው። ሁለተኛውን ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ ኢንሻአላህ።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ። በብዙ ቤት እኛው ራሳችን ዱላ ሆነናል። «ወንድምህን እያየህ! እሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አንተ ግን...» ይባላል፤ እኛም አጠገብ ተቀምጠን ደስ ይለናል። ታናሻችን ትምህርትን ሳይሆን እኛን መጥላት የሚጀምረው ያኔ ነው። ወላጆቻችንን በአደብ፣ ለብቻቸው፣ ይህን ንጽጽር እንዲተዉልን እንለምናቸው። ለታናሻችን ደግሞ ያገኘነውን ሲ፣ የወደቅንበትን ኩዊዝ፣ ፍሬሽ እያለን የካልኩለስ ክፍል ውስጥ ምንም ሳይገባን የተቀመጥንበትን ወር እንንገረው። አብዛኞቻችን ይህን ለቤተሰብ ደብቀናል።

ያ መጀመሪያ ያነሣነው ወንድማችን አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው። እናቱ ሲደውሉለት አሁንም ኤክስ ስንት እንዳለው ይጠይቁታል። «እማ፣ እዚህ ደብተር አይታረምም» ይላቸዋል። እሳቸውም አላመኑም፤ ባለፈው ጊዜ «ታዲያ ማን ያይልሃል?» አሉት። ምን ብሎ እንደመለሰላቸው ስንጠይቀው ለሚቀጥለው እረፍት ደብተሮቹን ይዞላቸው ሊሄድ ማሰቡን ነገረን።

ወላሁ አዕለም።